ከታይሮይድ ናሙና ውጤት ጎን የሚሰፍረው መቶኛ ከየት መጣ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ታይሮይድ ዕጢ እብጠቶችና ከእነሱ በቀጭን መርፌ ስለሚወሰደው ናሙና ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ስድስቱን የውጤት ምድቦች ከዘረዘረ በኋላ በየምድቡ ትይዩ የካንሰሩን ዕድል በመቶኛ ያሰፈረ ሰንጠረዥ ይዟል፤ ከሰንጠረዡ ሥርም አንባቢው የራሱን ውጤት ፈልጎ ዕድሉን እንዲያውቅ ይጋብዛል። በቁጥሮቹ ላይ ክርክር የለኝም፤ በትክክል ነው የተገለበጡት። የምቃወመው ግብዣውን ነው። ሥራዬ እነዚህን ናሙናዎች በማይክሮስኮፕ መርምሮ ምድብ መስጠት ነው፤ እናም ቁጥሩ ከማን ተሰብስቦ፣ በምን ተካፍሎ እንደተገኘ ሳይነገረው በወረቀቱ ላይ ያለውን መቶኛ እንደ ግል ዕጣው የሚወስድ ታካሚ ወይ ከልኩ በላይ ሲደነግጥ ወይ ያለ አግባብ ሲዘናጋ በየጊዜው አያለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ላስታውስ። በእጅ ሲዳሰስ የሚገኝ የታይሮይድ እብጠት ከመቶ አዋቂዎች በአምስቱ አካባቢ ላይ ይታያል፤ በአልትራሳውንድ ሲፈለግ ግን ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ከእነዚህ እብጠቶች መካከል ካንሰር ሆነው የሚገኙት እንደ ታካሚው ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቤተሰብ ታሪክና በልጅነት ለጨረር መጋለጥ አለመጋለጥ ከ7 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ናቸው። ሁሉንም በቀዶ ሕክምና ማውጣት ስለማይቻልና ስለማይገባ፣ ማንን መቅደድ ማንን መተው እንደሚሻል ለመለየት መርፌው ዋናው መሣሪያ ሆነ። የየላቦራቶሪው አጻጻፍ ግን ለየቅል ስለነበር፣ አንዱ ፓቶሎጂስት (ናሙና መርማሪ ሐኪም) የጻፈውን ሌላው ሐኪም በሌላ መልኩ ይረዳው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ጋባዥነት በሜሪላንድ ግዛት ቤተስዳ ከተማ የተካሄደው ጉባኤ ይህንን ችግር ለመፍታት ባለ ስድስት ምድቡን አሠራር አስገኘ፤ የከተማዋም ስም የአሠራሩ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያው እትም በ2010 ወጣ፤ ሁለተኛው በ2017 ይፋ ሆነ፤ አሁን የምንሠራበት ሦስተኛው የ2023ቱ ነው።

የ2023ቱ እትም ለአዋቂዎች የሰጣቸው አማካይ የካንሰር ዕድሎች ከምድብ 1 እስከ ምድብ 6 በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦ ለምርመራ በቂ ያልሆነ ናሙና 13 በመቶ፣ ካንሰር ያልሆነ 4 በመቶ፣ ትርጉሙ ያልተወሰነ የሴል ለውጥ 22 በመቶ፣ ፎሊኩላር ዕጢ (ከታይሮይዱ ዋና ሴሎች የሚነሳ እብጠት) 30 በመቶ፣ ካንሰር የሚያጠራጥር 74 በመቶ፣ ካንሰር 97 በመቶ። እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር እንዲያስተውል እፈልጋለሁ። ለሦስተኛው ምድብ በ2010 የተሰጠው ግምት ከ5 እስከ 15 በመቶ ነበር፤ በ2017 ከ10 እስከ 30 ሆነ፤ አሁን አማካዩ 22 ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሴሎቹ መልካቸውን አልለወጡም፤ በማይክሮስኮፕ ሥር የምናየው ያንኑ ነው። የተለወጠው ቁጥሩ የሚሰላበት የታካሚዎች ስብስብና የስሌቱ መንገድ ነው።

እንዴት ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ የሚጀምረው ካንሰር መኖር አለመኖሩ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ዕጢው ወጥቶ ሲመረመር ብቻ ከመሆኑ ላይ ነው። ምድብ 2 ወጥቶላቸው ከሄዱት ሰዎች መካከል እጅግ የሚበዙት ቀዶ ሕክምና አይደረግላቸውም፤ ሊደረግላቸውም አይገባም። ጥቂቶቹ ብቻ እብጠቱ ስለከበዳቸው፣ ስላደገባቸው፣ ወይም የአልትራሳውንዱ ምስል ሐኪሙን ስላላስደሰተው ይቀደዳሉ። እንግዲህ ለምሳሌ ያህል ምድብ 2 የወጣላቸው 1000 ሰዎች አሉ እንበል፤ ከእነሱ መካከል 100ዎቹ ተቀደዱ፤ ከተቀደዱትም በ5ቱ ላይ ካንሰር ተገኘ። ለተቀደዱት ብቻ ብናካፍል ዕድሉ 5 በመቶ ነው። ለ1000ዎቹ ብናካፍል ግማሽ በመቶ ነው። የመጀመሪያው ስሌት ያጋንናል፤ ምክንያቱም 100ዎቹ በዕጣ የተመረጡ ሳይሆኑ በጥርጣሬ የተለዩ ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ ያሳንሳል፤ ምክንያቱም ካልተቀደዱት 900 መካከል ካንሰር ያለበት አንድም ሰው እንደሌለ አድርጎ ይቆጥራል። እውነቱ በሁለቱ መካከል የሆነ ቦታ ላይ ነው፤ ነገር ግን በየመጽሐፉ ውስጥ የምናገኘው ቁጥር በአመዛኙ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በዓምዳችሁ ሰንጠረዥ «4 በመቶ» የሚለውን ያነበበች ሴት፣ ቁጥሩ በዋናነት የተሰበሰበው እንደ እሷ ውጤቷን ተቀብለው ወደ ቤታቸው ከተመለሱት ሰዎች ሳይሆን በሌላ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ክፍል ከገቡት መሆኑን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

በምድብ 3 ላይ ይህ ማዛባት የበለጠ ይከፋል። በዚህ ምድብ ውስጥ የገባ ሰው የተለመደው ቀጣይ እርምጃ መርፌውን መድገም ነው፤ የሴሎቹን ዘረመል የሚያይ የሞለኪዩል ምርመራ ባለበትም እሱን ማሠራት ይቻላል። በድጋሚው ናሙና «ካንሰር ያልሆነ» የተባሉት ከቀዶ ሕክምናው ሰልፍ ይወጣሉ። ስለዚህ ተቀድደው የሚቆጠሩት በሁለተኛውም ዙር ያጠራጠሩት ናቸው። 22 በመቶ የሚለው ቁጥር እንዲህ ባለ ወንፊት ተጣርተው ለቀሩት የሚሠራ ሲሆን፣ ገና የመጀመሪያ ውጤቱን በእጁ ለያዘው ሰው ግን ከፍ ያለ ግምት ነው።

ወደ ስላይዱ፣ ናሙናው ወደተቀባበት መስታወት፣ ልመለስ፤ ምክንያቱም ምድቡ ራሱ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ሳይታወቅ መቶኛውን ማስተዋል አይቻልም። መርፌው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው ባይባልም ደም ለመቅዳት ከሚውለው ይቀጥናል፤ በውስጡም የሚገባው ጥቂት ጠብታ ነው። ጠብታው በመስታወት ላይ ተቀብቶና ቀለም ጠጥቶ ሲቀርብልኝ የመጀመሪያ ሥራዬ መቁጠር ነው፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ፎሊኩላር ሴሎች የያዙ፣ በደንብ የሚታዩ ቢያንስ 6 ስብስቦች አሉ ወይ? ከሌሉ፣ ደም ብቻ ወይም የውኃ ከረጢት ፈሳሽ ብቻ ከሆነ፣ ናሙናው ምድብ 1 ነው። ኮሎይድ የሚባለው ወፍራም ፈሳሽ በብዛት ካለ ግን ሴሎቹ ጥቂት ቢሆኑም ካንሰር ያልሆነ ብሎ መጻፍ ይፈቀዳል። ከዚያ በኋላ ኒውክሊየሳቸውን፣ ማለትም የሴሎቹን እምብርት፣ አያለሁ። በታይሮይድ ላይ ከሁሉ በላይ የሚታየው የፓፒላሪ ካንሰር ሴሎች ኒውክሊየስ ያብጣል፣ ይገረጣል፣ እርስ በርሱ ይደራረባል፣ በመሐሉ እንደ ቡና ፍሬ ስንጥቅ መስመር ይወጣዋል፤ አንዳንዴም በዙሪያው ካለው የሴሉ ፈሳሽ፣ ከሳይቶፕላዝም፣ ቁራጭ ውጦ መሐሉ ላይ ክብ መስኮት የተከፈተበት ይመስላል። ይህ ሁሉ በአንድነትና በብዛት ሲገኝ ምድብ 6 ብሎ ለመጻፍ እጄ አይንቀጠቀጥም። ስንጥቁ በሦስት አራት ሴሎች ላይ ብቻ ሲታይና የቀሩት ሴሎች ሰላማዊ ሲሆኑ ግን ምድብ 3 ይመጣል።

ምድብ 4 ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው። እዚያ ኮሎይዱ ጠፍቶ፣ ሴሎቹ በርከት ብለው፣ በትናንሽ ቀለበቶች ተሰልፈው እናገኛቸዋለን። ፎሊኩላር ካንሰርና ካንሰር ያልሆነው ፎሊኩላር ዕጢ በሴሎቻቸው መልክ አይለያዩም፤ የሚለያዩት እብጠቱን የከበበው ካፕሱል የሚባል ስስ ሽፋን መጣሱና ሴሎቹ ወደ ደም ሥር መግባታቸው በመታየቱ ነው። መርፌው ደግሞ ከመሐል ሴል ይቀዳል እንጂ ካፕሱሉን አያሳይም፤ ከግቢ ውስጥ አንድ እፍኝ አፈር ዘግኖ አጥሩ ተጥሶ እንደሆነ ለማወቅ እንደመሞከር ነው። ስለዚህ ምድብ 4 የፓቶሎጂስቱ ማመንታት ወይም የናሙናው ድክመት ውጤት አይደለም፤ ዘዴው ራሱ ሊያልፈው የማይችለው ወሰን ነው። ድጋሚ መርፌም ብዙ አያሻሽለውም። በዚህ ምድብ ያሉ ታካሚዎች ብዙ ጊዜ የታይሮይዳቸው ግማሽ ክፍል ወጥቶ ካፕሱሉ ዙሪያውን ተቆራርጦ ሲታይ፣ ከአሥሩ ሰባቱ ያህል ካንሰር እንዳልነበረባቸው ይረጋገጣል። ጽሑፋችሁ ምድብ 3ንና 4ን «አጠራጣሪ» በሚል አንድ አንቀጽ ውስጥ አጣምሮ ማለፉ በዚህ ምክንያት አላረካኝም።

«ካንሰር» ተብሎ የሚቆጠረው ነገር ራሱም ቁጥሩን ያንቀሳቅሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለም አቀፍ የፓቶሎጂስቶች ቡድን፣ በካፕሱል የተከበበና ካፕሱሉን ያልጣሰ አንድ የፓፒላሪ ካንሰር ዓይነት ባሕርይው የካንሰር ስላልሆነ ከካንሰርነት እንዲወጣና አዲስ ስም እንዲሰጠው ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳቡም ተቀባይነት አገኘ። በዚህ የተነሳ የ2017ቱ እትም ለእያንዳንዱ ምድብ ሁለት ዓይነት መቶኛ ማቅረብ ግድ ሆነበት። ያንን ዕጢ ካንሰር ብለን ከቆጠርነው ምድብ 3 ከ10 እስከ 30 በመቶ ሲሆን፣ ካልቆጠርነው ከ6 እስከ 18 በመቶ ይሆናል። ምድብ 5ም ከ50 እስከ 75 ከነበረበት ወደ 45 እስከ 60 ይወርዳል። ታካሚውም ስላይዱም ያው ናቸው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላም ምንጭ አለ። ሙሉው ዕጢ ሲወጣ፣ መርፌ ከተወጋው እብጠት ርቆ በሌላኛው ጎን ጥቃቅን የፓፒላሪ ካንሰር ሊገኝ ይችላል። እነዚህ ጥቃቅን ካንሰሮች ምን ያህል የተለመዱ እንደሆኑ እ.ኤ.አ. በ1985 ከፊንላንድ የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ በሌላ ምክንያት የሞቱ 101 ሰዎች አስከሬን ሲመረመር ከሲሶ በሚበልጡት ታይሮይድ ውስጥ ተገኝተዋል፤ አብዛኛዎቹም እጅግ ጥቃቅን ነበሩ። ባለቤቶቹ ካንሰሩን ይዘው ኖሩ እንጂ በእሱ አልሞቱም። አንድ ሆስፒታል የራሱን መቶኛ ሲያሰላ እንዲህ ያለውን በአጋጣሚ የተገኘ ካንሰር በተወጋው እብጠት ስም ከመዘገበው፣ ምድቡ ያላየውን ነገር እንዳየ ይቆጠርለታል፤ መቶኛውም ያብጣል። ጠንቃቃ ጥናቶች ናሙና የተወሰደበትን ቦታና ካንሰሩ የተገኘበትን ቦታ ያመሳክራሉ፤ ሁሉም ግን ይህን አያደርጉም።

ከዚያ ደግሞ የሚያነበው ሰው አለ። አንድ ዓይነት ስላይድ ለሁለት ልምድ ላላቸው ፓቶሎጂስቶች ቢሰጥ በምድብ 2ና በምድብ 6 ላይ በአብዛኛው ይስማማሉ፤ በምድብ 3 ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። ጥቂት ባመነታ ቁጥር ምድብ 3 የሚጽፍ ሰው ምድቡን ካንሰር በሌለባቸው ሰዎች ስለሚሞላው የእሱ መቶኛ ዝቅ ይላል፤ ቆጣቢው ደግሞ ከፍ ይላል። አሠራሩ ምድብ 3 ከጠቅላላው ውጤት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ የሚመክረውም ለዚህ ነው። የ2023ቱ እትም ምድቡን ለሁለት ከፍሎ፣ ለውጡ በኒውክሊየስ ላይ የታየበትን ከሌላው ለይቶ እንድንጽፍ ማድረጉን እደግፋለሁ፤ የመጀመሪያው ከሁለተኛው ከፍ ያለ ሥጋት ስላለው፣ ሁለቱን በ22 በመቶ ሥር አንድ ላይ ማሰር ለማንም አይጠቅምም ነበር። በእኔ እምነት እያንዳንዱ ላቦራቶሪ የራሱን ናሙናዎች ከቀዶ ሕክምና ውጤቶች ጋር በየጊዜው አመሳክሮ የራሱን መቶኛ ማወቅና በውጤት ወረቀቱ ላይ ማስፈር አለበት። ከመጽሐፍ የተቀዳ ቁጥር የዚያን ማይክሮስኮፕ ባለቤት እጅ አይገልጽም።

ይህን ሁሉ ስል መቶኛው ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። መነሻ ነው፤ ሌላው መረጃ ሲታከልበት ይንቀሳቀሳል። ስሌቱ ከባድ ስላልሆነ ላሳየው። ምድብ 3 የወጣለት ሰው አለ እንበል፤ መነሻውን 22 በመቶ እንውሰድ፤ ማለትም ካንሰር ያለባቸው 22 ለሌለባቸው 78። የአልትራሳውንዱ ምስል ደግሞ ካንሰር ባለባቸው እብጠቶች ላይ ከሌለባቸው ይልቅ በሦስት እጥፍ የሚታይ ዓይነት ነው ብለን እናስብ፦ የጠቆረ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ነጠብጣብ ካልሲየም ያለበት፣ ከወርዱ ቁመቱ የሚበልጥ። 22ቱ በሦስት ሲባዛ 66 ለ78 ይሆናል፤ ዕድሉም (66 ለድምሩ 144 ሲካፈል) ወደ 46 በመቶ ይወጣል። ምስሉ በተቃራኒው ካንሰር ባለባቸው ላይ የሚታየው በሲሶ ያህል ብቻ ከሆነ፣ ውኃ አዘል ወይም ስፖንጅ መሳይ እንበለው፣ ዕድሉ ወደ 9 በመቶ ግድም ይወርዳል። ሦስት እጥፍና ሲሶ ያልኩት ለማስረዳት የመረጥኳቸው ቁጥሮች ናቸው። ሁለቱ ሰዎች ግን አንድ ዓይነት የውጤት ወረቀት ይዘው ከአንድ ላቦራቶሪ ወጡ፤ የአንዱ ሥጋት ከሌላው አምስት እጥፍ ነው፤ ሰንጠረዣችሁ ሁለቱንም 22 ብሎ ሸኛቸው።

ይህ አካሄድ በምድብ 2 ላይም ይሠራል፤ እዚያ መዘናጋቱ ስለሚበዛም ትኩረት ይሻል። አልትራሳውንዱ ከፍተኛ ጥርጣሬ ያለበት ሆኖ መርፌው «ካንሰር ያልሆነ» ካለ፣ የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበር እ.ኤ.አ. የ2015 መመሪያ በ12 ወር ውስጥ አልትራሳውንዱና መርፌው እንዲደገም ይመክራል። ሁለቱ ምርመራዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ የመጨረሻውን ወረቀት አምኖ የቀደመውን መርሳት ተገቢ አይደለም። እንዲሁም ምድብ 1 የወጣላቸው ሰዎች ውጤታቸው ምንም ያልተገኘበት ስለሚመስላቸው ወደ ሐኪም አይመለሱም። ያልተገኘው በሽታው ሳይሆን በቂ ሴል ነው። በአልትራሳውንድ እየተመሩ መርፌውን ሲደግሙት አብዛኛዎቹ ግልጽ ውጤት ያገኛሉ።

ስለ ምድብ 5ና 6 ብዙ የምለው የለኝም፤ እዚያ ቁጥሩ ራሱን ይናገራል፤ ሐኪሞችም በአመዛኙ ይስማማሉ። ነገር ግን ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑና ካንሰሩ አደገኛ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸው መነገር ነበረበት። ከታይሮይድ ካንሰሮች ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ፓፒላሪ በአብዛኛው ቀስ ብሎ የሚሄድና በሕክምና የሚድን ነው። በጃፓን ኮቤ ከተማ የሚገኘው ኩማ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ከ1 ሴንቲ ሜትር የማይበልጡ፣ ሥጋት የማያሳዩ የፓፒላሪ ካንሰሮችን ሳይቀድድ በአልትራሳውንድ ሲከታተል ቆይቷል። በ2014 ያወጣው ሪፖርት እንደሚያሳየው፣ ክትትል ከተደረገላቸው 1235 ታካሚዎች በ10 ዓመት ውስጥ ካንሰራቸው በ3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያደገው 8 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ምድብ 6 የተጻፈበት ወረቀት የያዘ ሰው እንኳ ስለ መጠኑ፣ ስላለበት ቦታና ስለ አንገቱ ንፍፊቶች መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

በመጨረሻም ሰንጠረዡን በቀጣዩ ዕትማችሁ ካስተካከላችሁት፣ ቁጥሮቹ የአዋቂዎች መሆናቸው በርዕሱ ላይ ይጻፍ። በልጆችና በወጣቶች ላይ እብጠቱ ብርቅ ቢሆንም ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ የ2023ቱ እትም ለእነሱ የተለየ ሰንጠረዥ አዘጋጅቷል፤ በዚያ መሠረት ምድብ 3 በአማካይ 28 በመቶ፣ ምድብ 4 ደግሞ 50 በመቶ ነው። የልጃቸውን ውጤት ይዘው ዓምዳችሁን የከፈቱ ወላጆች ያነበቡት 22ና 30 ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፓቶሎጂ ሐኪም